ሙሉ ድራይቩ ይቆለፍ ወይስ አንድ ፎልደር ይበቃል?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ውይይቱን የከፈተው ሰው ላፕቶፑን ይዞ የማይሄድበት ቦታ የለም። የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ሰነዶች፣ የደንበኞቹ ውሎች፣ የቤተሰብ ፎቶዎች፣ ሁሉም እዚያው ላይ ናቸው። የሚፈራው ሌባን ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጠይቀው ፓስወርድ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀ። ካልበቃ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቦ እሱን ብቻ ኢንክሪፕት ቢያደርግ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ቢመሰጥረው፣ ይሻላል ወይስ ሙሉ ድራይቩን? የራሱንም ግምት አልደበቀም። ሙሉ ድራይቩን መቆለፍ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፋል፣ አንድ ነገር ከተበላሸም ሁሉም አብሮ ይጠፋል ብሎ ያስባል። ስለዚህ ወደ ፎልደሩ አዘንብሏል።

ግምቱ ግማሹ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ግማሹ ግን እውነት ነው። ሁለቱን ለመለየት 31 መልስ ፈጀ። መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ እተርካለሁ። የሚደጋገሙትን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ቁም ነገር ያላቸው ላይ ግን ቆም እላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1። በጨዋ አነጋገር የጀመረ ነው። ጠያቂውን አመስግኖ አንድ ነገር ግልጽ አደረገ። የዊንዶውስ መግቢያ ፓስወርድ ብቻውን ምንም ነገር አያመሰጥርም። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው ፋይሎቹን እንዳሉ ያያቸዋል። መፍታትም ላያስፈልገው ይችላል። ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የተጫነበት ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ከዚያ ማስነሳት ይበቃል። ፓስወርዱ የሚያግደው ዊንዶውስ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ብቻ ነው።

መልስ 2። ይህንኑ በራሷ ገጠመኝ አጠናከረችው። የላፕቶፗ ማዘርቦርድ ተቃጥሎ ወደ ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙ ፓስወርዷን ሳይጠይቃት ፋይሎቿን በሙሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ ሰጣት። መጀመሪያ ደስ አላት። ቤቷ ገብታ ስታስበው ግን ደነገጠች። እሱ እንዲህ በቀላሉ ያወጣውን ማንም ሊያወጣው እንደሚችል የገባት ያኔ ነው።

መልስ 3 እና 4 ስለ ፍጥነት ናቸው። 3ኛው ሰው የመንቀራፈፉ ስጋት የድሮ ነው ባይ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙት ኤኢኤስ የተባለውን የምስጠራ ስልት ነው። ዮአን ዳመን እና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጅየማውያን ነደፉት፤ በ2001 የአሜሪካ መንግሥት መስፈርት ሆነ። ኢንቴል ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ለዚህ ስሌት ብቻ የሚያገለግሉ ትእዛዞችን ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አስገባ። ሰነድ ሲጽፍና ኢንተርኔት ሲያስስ የሚውል ሰው ልዩነቱን አያስተውለውም። 4ኛው ይህን አረመ። በጣም ፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው የዲስክ ዓይነት) ላይ፣ በተለይ ትናንሽ ንባቦችና ጽሑፎች ሲበዙ፣ በመለኪያ ፕሮግራም ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጠያቂው ግን ውል የሚጽፍ ሰው ነው፤ ለእሱ የ3ኛው መልስ ይበቃዋል።

መልስ 5። ውሃ የሚያነሳ መልስ ይህ ነው። ጸሐፊዋ ከተበላሸ ዲስክ ላይ ፋይል ማውጣት ሥራዋ የሆነ ሰው ናት። ፋይል አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም ትላለች። ሰነድ ሲከፈት ዎርድ ለጥንቃቄ ጊዜያዊ ቅጂ ይፈጥራል። ፎቶ ሲታይ ዊንዶውስ ትንሽ ምስሉን ለብቻው ያስቀምጣል። ራም (ኮምፒውተሩ ለጊዜው የሚሠራበት ማስታወሻ) ሲጠብብ በውስጡ ካለው የተወሰነው ወደ ዲስክ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ሃይበርኔት ሲደረግ ደግሞ ራም ላይ ያለው ዲስክ ላይ ይገለበጣል። ብሮውዘሩ ያስታወሳቸው ፓስወርዶች፣ ከኢሜይል የወረዱ አባሪዎች፣ በቅርቡ የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ ፎልደር ውጭ ናቸው። ፎልደሩን ብቻ የቆለፈ ሰው እንጀራውን ሌማት ውስጥ ከድኖ ፍርፋሪውን መንገድ ላይ እንደበተነ ነው።

ቀጥላ ስለ ኤስኤስዲ ያነሳችውን ብዙዎች አያውቁትም። ፋይሉን ካመሰጠሩ በኋላ ያልተመሰጠረውን ቅጂ ማጥፋት በኤስኤስዲ ላይ አስተማማኝ አይደለም። ኤስኤስዲ ሁሉም ክፍሎቹ እኩል እንዲያረጁ ሲል አዲስ የሚጻፈውን ሌላ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ፋይሉ ላይ ደጋግሞ እየጻፈ ለማጥፋት የሚሞክር ፕሮግራም የድሮውን ቦታ ጭራሽ ላይነካው ይችላል። ስለዚህ ምክሯ ቁርጥ ያለ ነው። ድራይቩ ገና አዲስ ሳለ፣ ሚስጥር ሳይጻፍበት በፊት፣ ሙሉ በሙሉ ይመስጠር። እኔም ሙሉ ድራይቭን ለመምረጥ ከዚህ የጠነከረ ምክንያት አላውቅም።

መልስ 6። ይህኛው ያሳዝናል። ጸሐፊው ከዓመታት በፊት ፎልደር ብቻ ቆልፎ ነበር። የተጠቀመው ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ አብሮ የሚመጣውን የፋይል ምስጠራ፣ ኢኤፍኤስን፣ ነው። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ከፍቶ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። የፋይሎቹ ስም አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ፓስወርድ የሚባል ነገር አይጠይቅም። ስለማይጠይቅም ረሳው። ኮምፒውተሩ ሲያስቸግረው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነ። ያንኑ የተጠቃሚ ስም፣ ያንኑ ፓስወርድ ሰጠው። የፋይሎቹ ስም ይታያል፤ አንዱም ግን አይከፈትም። ቁልፉ የነበረው ዊንዶውስ ራሱ በፈጠረው፣ ሰርተፊኬት በሚባል ዲጂታል መዝገብ ውስጥ ነው። ሰርተፊኬቱ ከድሮው ዊንዶውስ ጋር ጠፍቷል። የልጆቹ የሕፃንነት ፎቶዎች በዚያ ፎልደር ውስጥ ነበሩ።

7ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። ባክአፕ የሌለው ሰው ማልቀስ የለበትም የሚል ዓይነት። 8ኛው በዚህ ተቆጣ። የተጎዳን ሰው መውቀስ ምንም አይጠቅምም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ሊያስጠነቅቀው ይገባ ነበር አለ። በኋላ የመጡት ዊንዶውሶች ሰርተፊኬቱን አስቀምጥ የሚል ማስታወሻ እንደሚያወጡ፣ ሰው ግን ዘግቶት እንደሚያልፍም ጨመረ። 7ኛው ባክአፕ ያስፈልጋል ማለቱ እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን ለሰው የሚባል አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። በዚህ የውይይት ክር ውስጥ የተመሰጠረ ፋይሌን ሌባ ከፈተብኝ ያለ አንድም ሰው የለም። ከገዛ ፋይላቸው ደጅ የቆሙ ሰዎች ግን ደጋግመው ብቅ ይላሉ። ምስጠራው አልከዳቸውም፤ የጠፋው ቁልፉ ነው። ጠያቂው አንድ ነገር ቢበላሽ ሁሉም ይጠፋል ብሎ የፈራው ፍርሃት እውነት የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

መልስ 9። ወደ ተግባሩ መለሰን። ሙሉ ድራይቭ የሚመሰጥረው የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም፣ ቢትሎከር፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አለ። ሙሉው ቢትሎከር የሚገኘው ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን በሚባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ላይ ነው። ሆም ላይ ደግሞ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት አለ። በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 ቅጂ ጀምሮ፣ 24ኤች2 ከሚባለው፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ምስጠራው በራሱ ይበራል። ስለዚህ የጠያቂው የመጀመሪያ ሥራ ሴቲንግ ገብቶ ድራይቩ ቀድሞውኑ ተመስጥሮ እንደሆነ ማየት ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው የተመሰጠረ ኮምፒውተር ይዟል። ጥሩ ነገር ነው። 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ የት እንዳለ ካላወቀ ግን ጉድ ይፈላል።

መልስ 10። ጉዱ የፈላበት ሰው ወዲያው መጣ። ላፕቶፑ የባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ አፕዴት ይጠይቀዋል፤ እሺ ይላል። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 48ቱን አሃዞች አምጣ ይለዋል። ስለዚህ ቁልፍ ሰምቶ አያውቅም። ኢሜይሎቹን አንድ በአንድ ሲሞክር ቆይቶ ቁልፉን ላፕቶፑ አዲስ ሳለ በከፈተው፣ ከዚያ በኋላ ረስቶት በነበረ አካውንት ውስጥ አገኘው። ምክንያቱንም አጥንቶ መጣ። ቲፒኤም የተባለው ቺፕ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ይለካል። ልኬቱ ከትናንቱ ጋር ከተስማማ የድራይቩን ቁልፍ ይለቃል። ባዮሱ ሲቀየር ልኬቱ ይለወጣል፤ ቺፑም ሌላ ሰው ነካክቶት ይሆናል ብሎ ይከለክላል። መፍትሔው ከአፕዴቱ በፊት ቢትሎከርን ለጊዜው ማገድ ነው። ሰስፔንድ የሚለው ምርጫ ለዚሁ ነው። ድራይቩን አይፈታውም፤ አፕዴቱ ካለቀ በኋላ ጥበቃው ይመለሳል።

መልስ 11። ይህ በግለሰብ ብቻ የሚደርስ አይደለም ብላ ሐምሌ 2024ን አነሳች። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥል ማስተካከያው ቀላል ነበር። በሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ነው። ቢትሎከር ያለበት ኮምፒውተር ግን ለዚያም ቁልፉን ይጠይቃል። የቴክኒክ ሠራተኞች በየማሽኑ እየዞሩ 48 አሃዝ ሲያስገቡ ዋሉ። ቁልፎቹን ያስቀመጡበት ሰርቨር ራሱ የወደቀባቸውም ነበሩ። ቁልፍን በሚከፍተው ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከመልስ 12 እስከ 14 ያለው ጠብ ነው። 12ኛው ሰው ቁልፉ ማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ከተቀመጠ ምስጠራ አይባልም ባይ ነው። ኩባንያው ቅጂ ካለው፣ ሕግ ያዘዘውን ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ቬራክሪፕት የተባለው ነጻ የምስጠራ ፕሮግራም ወይም ሊነክስ ካልሆነ በቀር ጊዜ ማባከን ነው። 13ኛው በእርጋታ መለሰ። ጠያቂው የሚፈራው ሌባን እንጂ መንግሥትን አይደለም፤ ሌባ ደግሞ የኩባንያው ሰርቨር ውስጥ አይገባም። ለብዙ ሰው በአካውንት ውስጥ ያለ ቁልፍ ጭራሽ ከጠፋ ቁልፍ ይሻላል። 14ኛው ላይ ያው 12ኛው ተመልሶ መጣ። እስከዚያ እርስዎ ሲል የነበረው ሰው አንተ ማለት ጀመረ። 13ኛውን የኩባንያ ጠበቃ አደረገው፤ ሌላም የማይደገም ነገር ተናገረ።

የ12ኛው ስጋት ተገቢ ነው። መውጫ ግን አለው። አዲስ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ፈጥሮ በወረቀት መያዝ፣ የድሮውን ደግሞ ከድራይቩም ከአካውንቱም መሰረዝ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ወረቀቱ ብቸኛው መዳኛ ይሆናል። ይህን የሚመርጥ ሰው ወረቀቱን በሁለት ቦታ ያስቀምጥ።

መልስ 15። ነገር ከነገር ተያይዞ ትሩክሪፕት ተነሳ። ከ2004 ጀምሮ ብዙ ሰው ያመነው ነጻ የምስጠራ ፕሮግራም ነበር። በግንቦት 2014 ማንነታቸውን ያልገለጹት ሠሪዎቹ ፕሮግራሙ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስታወቂያ ገጻቸው ላይ ለጥፈው ሥራቸውን አቆሙ። በ2015 የተጠናቀቀው ገለልተኛ ምርመራ ሆን ተብሎ የተተወ የጓሮ በር አላገኘም። 15ኛው ሰው ይህን ይዞ እስከ ዛሬ የመጨረሻውን ቅጂ እንደሚጠቀም በኩራት ጻፈ። 16ኛዋ አረመችው። በዚያው በ2015፣ ከምርመራው በኋላ፣ የጉግል ተመራማሪ በዊንዶውሱ ቅጂ ውስጥ ሁለት ከባድ ቀዳዳዎች አገኘ። ትሩክሪፕትን የሚደፍንለት ሰው አልነበረም። ከእሱ ኮድ የተወለደው ቬራክሪፕት ግን ደፈናቸው። ስለዚህ ትሩክሪፕትን የሚወድ ሰው ወደ ቬራክሪፕት ይሂድ። እኔም በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ።

መልስ 17። በዚህ ክር ውስጥ ለብዙ ሰው የሚጠቅመው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጸሐፊዋ ኤክስተርናል ድራይቭ በቬራክሪፕት መስጥራ ትጠቀም ነበር። የተመሰጠረ ድራይቭ ለዊንዶውስ ትርጉም የሌለው ዳታ ነው። ሲሰካ ዊንዶውስ ምንም ስለማይገባው ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ይደረግ ይላል። እሷ ሁልጊዜ እንቢ ትለው ነበር። ታናሽ ወንድሟ አንድ ቀን ሰካና እሺ አለው። ድራይቩ ባዶ ሆኖ ተከፈተ። ፓስወርዷን በትክክል ታውቀዋለች፤ ምንም አልጠቀማትም።

ያዳናት ነገር ቢኖር ፎርማቱ ፈጣኑ ዓይነት መሆኑ ነው። ቬራክሪፕት ትክክለኛውን ቁልፍ የሚያስቀምጠው ሄደር የሚባል ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ሄደሩ መጀመሪያ ላይ አለ፤ ቅጂው ደግሞ መጨረሻ ላይ። ፈጣን ፎርማት መጀመሪያውን አበላሸ፤ መጨረሻውን አልነካም። ከቅጂው መልሳ ከፈተችው። መጀመሪያ አካባቢ የነበሩት ተበላሽተው ስለነበር የቀረውን በፋይል ማውጫ ፕሮግራም ለቀመች። አብዛኛው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የምትመክረው የድራይቩ ፊደል (ዲ ወይም ኢ የመሰለው) ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ እንዲነሳ ነው። ፊደል የሌለውን ድራይቭ ዊንዶውስ ፎርማት ላድርገው ብሎ አይጨቀጭቅም። ድራይቩ ላይ ወረቀት መለጠፍም አይከፋም።

መልስ 18። የሊነክስ ሰው ነው። የሊነክሱ የድራይቭ ምስጠራ፣ ሉክስም፣ ሄደር እንዳለው፣ የቁልፎቹ ቦታ ግን ድራይቩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ስለሚገኝ እዚያ የደረሰ ጉዳት እንደማይመለስ አስጠነቀቀ። የሄደሩን ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አብራራ፣ ለቢትሎከርም የሚሠራ ነው። ፓስወርድ ሲቀየር ድራይቩ እንደገና አይመሰጠርም። ዲስኩን የሚያመሰጥረው ቁልፍ ሌላ ነው፤ ፓስወርዱ ያንን ቁልፍ ብቻ ነው የሚያሽገው። ስለዚህ መቀየሩ ሰከንዶች ይፈጃል። ሌላ ፊትም አለው። የድሮ ሄደር ቅጂና የድሮውን ፓስወርድ የያዘ ሰው ከተቀየረም በኋላ ሊከፍተው ይችላል።

መልስ 19 ስለ ማክ ነው፤ አጭር ነው። የማክ የራሱ ምስጠራ፣ ፋይልቮልት፣ በ2003 ሲጀመር የተጠቃሚውን ፎልደር ብቻ ይቆልፍ ነበር። በ2011 ወደ ሙሉ ዲስክ ተቀየረ። አፕል ራሱ ፎልደርን ትቶ ወደ ሙሉ ዲስክ መሄዱ ለጠያቂው መልስ ይሆነዋል ብሎ ጨረሰ። ጥሩ አባባል ነው።

ከ20 እስከ 22 ውይይቱ ወደ ፓስወርድ አመራ። 20ኛዋ በዳይስ፣ ማለትም ስድስት ፊት ባለው የመጫወቻ መጣያ፣ ስለሚመረጡ ቃላት ጻፈች። አምስት ጊዜ የተጣለ ዳይስ ከ7776 ቃላት ዝርዝር አንዱን ይመርጣል። እንዲህ የተመረጡ 6 ቃላት 77 ቢት ያህል ጥንካሬ አላቸው፤ ለማስታወስ ግን ከምልክት ድብልቅ ይቀላሉ። 21ኛው ለምን ተረትና ምሳሌ አንጠቀምም አለ። እንዳይሆን ተነገረው። የታወቀ አባባል የፓስወርድ ሰባሪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ጥንካሬው የሚመጣው ከዕጣው ነው። 22ኛው የኪቦርድ ነገር አነሳ። ቬራክሪፕት የዊንዶውስን ድራይቭ ሲያመሰጥር፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፓስወርዱን የሚቀበለው በአሜሪካ ኪቦርድ አቀማመጥ ነው። በግዕዝ ፊደል መጻፍ አይቻልም። በሌላ አገር አቀማመጥ የለመደ ሰውም የምልክቶቹ ቦታ ይሳሳትበታል። ለዚህ ፓስወርድ የላቲን ፊደላትና ክፍተት ብቻ መጠቀም ከብዙ ራስ ምታት ያድናል።

መልስ 23። ኮምፒውተሩ ተኝቶ ሳለ ቢሰረቅስ? ስሊፕ ላይ ያለ ኮምፒውተር ቁልፉን ራም ውስጥ ይዟል። በ2008 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ራም ኃይል ከተቋረጠበት በኋላም መረጃውን ለጥቂት ጊዜ እንደሚይዝ፣ ቢቀዘቅዝ ደግሞ ለረዥም ጊዜ እንደሚያቆይ አሳይተዋል። በ2024 ሌላ ሰው በአንድ የቆየ ላፕቶፕ ላይ ከቲፒኤም ቺፕ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ቁልፍ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ በተባለች ርካሽ ትንሽ ሰሌዳ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጠልፎታል። ቲፒኤሙ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለባቸው ኮምፒውተሮች ይህ ሽቦ አይገኝባቸውም። ለሌሎቹ መከላከያው ሲነሳ የሚጠየቅ ፒን መጨመር ነው። ፕሮ ላይ ይቻላል። ተራ ሌባ ይህን ያደርጋል ብዬ አላምንም። የሰው ውል ይዞ የሚጓዝ ሰው ግን ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ቢያጠፋው ምንም አይጎዳውም።

መልስ 24። አንዱ ድራይቩን ስለመሰጠረ ቫይረስ አያሰጋውም ብሎ ጻፈ። 25ኛው በነገር ወጋው። ማንበብ የማይችል ሰው እዚህ ምን ይሠራል እስከማለት ደረሰ። ከስድቡ ሥር ያለው ማብራሪያ ግን ትክክል ነው። ድራይቩ ከተከፈተ በኋላ ለባለቤቱ የሚታየው ሁሉ ለቫይረሱም ይታያል። ራንሰምዌርም፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው፣ የተመሰጠረን ድራይቭ ከላዩ ላይ በራሱ ቁልፍ ይመስጥረዋል። ምስጠራ የሚጠብቀው የጠፋውን ወይም የተሰረቀውን ዲስክ ነው። 24ኛው ስድቡን አልመለሰም፤ አመስግኖ ሄደ። ጨዋነቱ ደስ ብሎኛል።

26ኛው መልስ ክሩን ሊያዘጋው ነበር። ንጹሕ ሰው የሚደብቀው የለውም የሚል ነው። ብዙዎች ተንጫጩበት፤ ሞደሬተሩ ስድቦቹን ሰርዞ ቁጥሩን አስተካከለ። እኔ በዚህ አስተያየት ፈጽሞ አልስማማም። ጠያቂው የያዘው የራሱን ብቻ አይደለም። የደንበኞቹ ፊርማ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አድራሻ አለበት። እነዚያ ሰዎች አምነው ሰጡት እንጂ ለሌባ አልሰጡም።

መልስ 27። አንዱ ኤስኤስዲው ራሱ ምስጠራ እንዳለው ማሸጊያው ላይ ስላነበበ ሌላ ነገር ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቀ። ያው የዲስክ ባለሙያዋ፣ 5ኛዋ፣ ተመልሳ መለሰች። በ2018 የኔዘርላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በገበያ ላይ የነበሩ በርካታ ኤስኤስዲዎችን መርምረው አንዳንዶቹ ያለ ፓስወርድ ሊከፈቱ እንደሚችሉ አሳዩ። ቢትሎከር ያን ጊዜ የዲስኩን ምስጠራ አምኖ የራሱን ይተው ነበር። በ2019 ማይክሮሶፍት ይህን ቀየረና ቢትሎከር ራሱ እንዲመሰጥር አደረገ። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማመን አይበቃም።

መልስ 28። ጠያቂው ተመለሰ። ፎልደሩን ትቶ ሙሉ ድራይቩን በቢትሎከር መስጥሯል። ቁልፉን አትሞ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጧል። ኤክስተርናል ድራይቭም ገዝቶ ሁሉንም ገልብጧል። ብዙዎች አመሰገኑት። 29ኛዋ ግን አንድ ነገር ጠየቀችው። ባክአፑስ ተመስጥሯል? አልተመሰጠረም ነበር። ያ ሁሉ ውል፣ ያ ሁሉ መታወቂያ፣ ክፍት ሆኖ ሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። እሱንም በቢትሎከር እንዲቆልፈው፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቤት እንዲያስቀምጥ መከረችው። በተጨማሪም ቁልፉን ከመቸገሩ በፊት እንዲፈትነው ነገረችው። ኤክስተርናሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ፣ ፓስወርዱን ትቶ፣ ከወረቀቱ ላይ ባለው 48 አሃዝ ይክፈተው።

መልስ 30። ሞከረና አልከፈትም አለው። ደነገጠ፤ አሃዞቹን ደግሞ አስገባ፤ ያው ነው። መልስ 31 የ10ኛው ሰው ነው፤ የባዮሱ። እያንዳንዱ የቢትሎከር ድራይቭ የራሱ ቁልፍ እንዳለው፣ ወረቀቱም ላይ ከቁልፉ በላይ መለያ እንደሚታተም፣ ያ መለያ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ጋር መመሳሰል እንዳለበት አስረዳው። ጠያቂው አመሳከረ። ሁለት ጊዜ ያተመው የላፕቶፑን ቁልፍ ነበር፤ የኤክስተርናሉን ጭራሽ አላተመም። ድራይቩን በፓስወርዱ ከፍቶ ቁልፉን እንደ አዲስ አተመና በድጋሚ ሞከረው። በዚህኛው ተከፈተ። በየወረቀቱ ራስጌ ላይ የትኛው የማን እንደሆነ በእስክሪብቶ ጽፎበታል።